ስምንት ልብስ በ45 ደቂቃ

ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የምገኘው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። በግራዬ የሽንኩርት ጆንያ፣ በቀኜ የጤፍ ዱቄት ከረጢት፣ ከፊቴ ጠርዙ የተሰነጠቀ መስታወት። በሩ ላይ በተመታ ምስማር ስምንት ልብስ ተደራርቦ ተሰቅሏል፤ ቀድሞ የሚለበሰው ከላይ፣ መጨረሻ የሚለበሰው ከሥር። ከመድረኩ የሚለየኝ አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሰዓት አያስፈልገኝም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከጎጃምኛው ወደ ጉራግኛው ሊሻገር ሲል ምቱን አንዴ ሰበር ያደርገዋል፤ ያቺን ስሰማ መቀነቴ ካልታሰረ አለቀልኝ። አጋሬ ብቻውን ወጥቶ የሁለታችንንም ድርሻ ይዘላል። እንግዳው ሆን ተብሎ የተዘጋጀ መስሎት ያጨበጭባል። እሱ ግን በእኔ በኩል ሲያልፍ ጥርሱን እያሳየ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው?" ይለኛል። አርባ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ዕድሜዬ "አንቺ ልጅ" የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

ቦታው ከዋሽንግተን ከተማ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ የአበሻ ምግብ ቤት ነው። ልብሶቹ የሚሰፉት አዲስ አበባ ነው፤ ሰው ሲመጣ በሻንጣ ይላካሉ። እንደ ደረሱ የመጀመሪያ ሥራዬ አዝራሩንና ማሰሪያውን እየፈታሁ፣ የልጆች ጫማ ላይ ያለውን፣ ሲሳብ ጭርር ብሎ የሚላቀቀውን ማጣበቂያ መስፋት ነው። በእጅ በተጠለፈ የወሎ ቀሚስ ጀርባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስለጥፍ እናቴ ብታየኝ አትምረኝም። ግን ምን ላድርግ? ለወላይትኛው ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ያለበትን ዱንጉዛ ለመልበስ ያለኝ ጊዜ ማሲንቆው ብቻውን የሚያዜምባት አንዲት ደቂቃ ናት። ለኦሮምኛው ደግሞ ጨሌውና ዛጎሉ አንገቴ ላይ ሲጠላለፍ ስንት ጊዜ በግማሹ ወጥቻለሁ።

በልጅነቴ ልብስ ቀይሬ ጨፍሬ አላውቅም ነበር። ደሴ ነው የተወለድኩት። እስክስታን ማን አስተማረሽ ብባል የምጠራው ስም የለኝም። ሠርግ ቤት ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ስመለከት አደግሁ፤ አንድ ቀን ከበሮው ሲመታ ትከሻዬ ራሱ መለሰ። ጭፈራ የምንለው ይህንን ነው። ኋላ የከተማው የባህል ቡድን ውስጥ ገብቼ በትንሽ ደሞዝ ስቀጠር ግን ስሙ ተለወጠ፤ ውዝዋዜ ሆነ፣ እኔም ተወዛዋዥ ተባልኩ። ጉራግኛውን፣ ትግርኛውን፣ ወላይትኛውን የተማርኩት እዚያ ነው፤ በመስመር ቆሜ፣ አሠልጣኛችን በያዘው በትር ወለሉን እየመታ። ቪዲዮ ማጫወቻ ተከራይቶ የ"ሕዝብ ለሕዝብ"ን ካሴት ያሳየን ነበር። ለማያስታውስ አንባቢ፦ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ ለተለገሰው እርዳታ ምስጋና ለማቅረብ፣ በ1980 ዓ.ም. ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ብዙ ሀገር የዞሩበት ትርኢት ነው። የቴፑ ምስል ከመደጋገም ብዛት በረዶ የሚዘንብበት ይመስል ነበር። በበረዶው መሃል እግራቸውን እየፈለግን አጠናን።

ዲቪ ደርሶኝ በ1998 ዓ.ም. እዚህ ስመጣ የባህል ልብስ አላመጣሁም፤ በሻንጣዬ ያለው በርበሬና ሽሮ ነበር። ሥራ ያገኘሁት ፓርኪንግ ነው። ምድር ቤት፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት መቀበል። ቀኑን ሙሉ ከወገቤ በታች አልንቀሳቀስም፤ ምናልባት እስክስታ ለፓርኪንግ ሠራተኛ የተፈጠረ ጨዋታ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ በራሴ እስቅ ነበር። ሬድዮ ከፍቼ ትከሻዬን ሳንቀሳቅስ አንዲት ፈረንጅ መኪናዋን አቁማ "ደህና ነሽ?" ብላኛለች፤ የታመምኩ መስሏት ነው። ከዚያ በኋላ መኪና ሲመጣ መተው ለመድኩ። እንዲያ ስል ወራት ካለፉ በኋላ አንድ የአገሬ ሰው ቲኬቱን እየሰጠኝ "እኅቴ፣ ወሎዬ ነሽ አይደል? አንገትሽ ያስታውቃል" አለኝ። ማሲንቆ ተጫዋች ነበር። ወደ ምግብ ቤቱ የወሰደኝ እሱ ነው።

ሙዚቃው በሰው እጅ ሲሠራና በስፒከር ሲለቀቅ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የድግስ ወጪ የሚቀንስ ሙሽራ ነው። ልንገራችሁ። እስክስታ የሚወረድበት ችክችካ የምንለው ምት ስድስት ነው። ያንኑ ስድስት፣ አንዱ ሦስት ሦስት አድርጎ በሁለት ይረግጠዋል፣ ሌላው ሁለት ሁለት አድርጎ በሦስት ያጨበጭበዋል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ፈረንጅ እንግዶች ጭብጨባቸው የሚጠፋባቸው እዚህ ላይ ነው። ትከሻ ደግሞ በሁለቱ መካከል እንደ ልቡ ይመላለሳል። እኔ ትከሻዬን ይዤ ወደ አንድ ጠረጴዛ ስሄድ ኪቦርዱ የሚያየው እጁን ሳይሆን እኔን ነው። አንድ አባት "እኔማ አልችልም" እያሉ፣ ጋቢያቸውን ግን እያስተካከሉ ከሆነ፣ ይነሣሉ ማለት ነው። ያን ጊዜ ምቱ ረገብ ይላል፤ ዘፈኑ ሳያልቅ እሳቸው እስኪቆሙ ይጠብቃል። ጉልበታቸው ሲላወስና ትከሻቸው ሲከፈት ይፋጠናል። የተቀዳ ሙዚቃ አባባን አይጠብቃቸውም። ሲነሡ ያልቅባቸዋል።

ቅኝቱም እንዲሁ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ባቲና አምባሰል ለሌላው የቅኝት ስም ናቸው፤ ለእኔ ግን አንዷ የሰኞ ገበያ ያላት ከተማ፣ አንዱ ተራራ ነው። ማሲንቆ አንድ የጭራ አውታር ነው ያለችው፤ ጣቱን በትንሹ ሸርተት ሲያደርግ፣ ኪቦርዱ ላይ በነጩና በጥቁሩ መካከል የሌለች ድምፅ ትወጣለች። ያቺ ድምፅ ስትመጣ ጠረጴዛ ላይ እጅ ይቆማል። ጉርሻ በአየር ላይ ሲቀር አይቻለሁ።

እንዲህ ያለው ቅዳሜ እዚህ ከተማ የተጀመረው ከእኔ በፊት ነው። አብዮቱ ያፈናቀለው ሰው በሱዳን በኩልም፣ ለትምህርት መጥቶ በዚያው በመቅረትም ዋሽንግተን ተሰበሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሩን ከፈት አደረገው። አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር፣ 18ኛው ጎዳና ላይ የአበሻ ምግብ ቤቶች ተደረደሩ። አስቴር አወቀ ዓለም ሳያውቃት በዚህ ከተማ ምግብ ቤቶች ትዘፍን ነበር። የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሪ የነበሩት ተስፋዬ ለማም የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት እዚሁ ነው። ሰዓት እላፊ የምሽቱን ሙዚቃ ያነቀበት ዘመን ስለነበር፣ ከአዲስ አበባ የጠፋው ሌሊት ግማሹ እዚህ ደረሰ ማለት ይቻላል። ኋላ ምግብ ቤቶቹ ወደ 9ኛውና ዩ ጎዳና፣ ኪራይ ሲንር ደግሞ ወደ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ተሻገሩ። እኔም የደረስኩት የመጨረሻው ላይ ነው።

የኃይሉ መርጊያን ታሪክ የማያውቅ አበሻ ሹፌር እዚህ ያለ አይመስለኝም። እሱ ኪቦርድ የሚጫወትበት ዋልያስ ባንድ በሒልተን ሆቴል የሚጫወት ስመ ጥር ቡድን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ መጡ፣ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። ኃይሉም ቀረ። በ1985 "ሸሞንሟናዬ" የተሰኘውን ካሴት ሲሠራ ከጎኑ ባንድ አልነበረም፤ አኮርዲዮኑንም፣ ኪቦርዱንም፣ የከበሮ ማሽኑንም ራሱ አቀናጀ። ከዚያ ለዓመታት በደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታተመና አውሮፓና አሜሪካ በመድረክ ፈለጉት፤ በ2018 "ላላ በሉ"ን አወጣ።

ጋዜጦች ይህንን የጻፉት ጠፍቶ እንደተገኘ ሰው አድርገው ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰውየው ሲጫወት ነበር፤ የሚሰማው ጠፍቶ እንጂ። ለእኔ የበለጠ የሚነግረኝ ያ ብቻውን የሠራው ካሴት ነው። ዛሬ በየምግብ ቤቱ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ቤዝና ሳክስፎን፣ ከበሮና ክራር አድርጎ ሲጫወት "አርቲፊሻል ሙዚቃ" እያልን እናማለን። ባንድን የገደለው ግን የጥበብ መድከም አይደለም፤ ሺፍት ነው። የእኛ ሳክስፎን ተጫዋች ቅዳሜ ማታ ሆስፒታል ያጸዳል። ከበሮ መቺው በየሁለት ሳምንቱ ነው ቅዳሜ ነፃ የሚሆነው። ስድስት ሰው በአንድ ሌሊት ከሥራ ማስለቀቅ ከሠርግ ቀጠሮ ይከብዳል። ኪቦርዱ የሚጫወተው የቀሩትን ሰዎች ድርሻ ነው። ሁላቸውም የሚገናኙት በፈረንጆቹ ጁላይ 4 አካባቢ፣ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የእግር ኳስ ሳምንት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ውድድር አንድ ከተማ ይመረጣል፣ ቀን ኳስ ማታ ሙዚቃ። ያን ሳምንት ሙሉ ባንድ ይዘን ስንወጣ፣ ከኋላዬ እውነተኛ ሳክስፎን ሲተነፍስ ጀርባዬ ይሞቃል።

ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ወረፋው የማሲንቆ ተጫዋቹ ነው። አዝማሪነቱ ያለው በአባቱ ወገን ነው፤ እንግዳ "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ አዚሞ ይመልሰዋል። ሀገር ቤት ግጥሙ ስለ ፍቅርና ስለ ባላንጣ ነበር። እዚህ ስለ ግሪን ካርድ፣ ስለ ሞርጌጅ፣ ሲመታ ውሎ ስለማይነሣ ስልክ ነው። ባለፈው ክረምት በረዶ ሲጥል፣ ጥቂት ሰው ብቻ ባለበት ሌሊት፣ ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሹፌር ተነሥቶ እንዲህ ሰጠ፦

ሌሊቱን ስነዳ ቀን ላይ ስተኛ፣
እናቴ ደውላ አላገኘችኛ።

ማሲንቆ ተጫዋቹ ተቀበለ፤ ሁለተኛውን ስንኝ ግን ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ። ሹፌሩ እናቱን የቀበረው ስልክ ላይ እንደነበር ኋላ ሰማን። ያን ጊዜ የእኔ ሥራ መጨፈር አልነበረም። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ብቻ በቀስታ አወዛወዝኩ። የወሎ ልቅሶም እንዲህ ነው፤ ከጭፈራው የሚለየው በጥቂቱ ነው።

ስለ ሽልማቱ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ዶላር ግንባሬ ላይ ሲለጠፍ ላቤ ይይዘዋል፣ የማይዘው ይወድቃል። ተወዛዋዥ ጎንበስ ብላ አታነሣም፤ ነውር ነው። የሚለቅመው የአሳላፊው ልጅ ነው፤ ባልዲ ይገባል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተቆጥሮ ይከፈላል። አንድ ወቅት የሠራሁበት ቤት ባለቤት ባልዲው የቤቱ ነው ብሎ ሦስት ወር ሙሉ አምታታን። ስንለቅ ልብሶቹን አስቀራቸው። አራቱ የራሴ ነበሩ።

ከልብሱ ሁሉ የከበደኝ ግን ተራው ነው። በ45 ደቂቃ ውስጥ ማን ይቀድማል? ማን ስንት ደቂቃ ያገኛል? ደሴ ሠርግ ቤት ስትጨፍር ይህ ጥያቄ የለም፤ ያለው የወሎ ነው። እዚህ ግን በአንድ አዳራሽ ሁሉም ተቀምጧል፤ ሁሉም የእሱ ሲመጣ ይነሣል፣ ሌላው ሲመጣ ይበላል። "የእኛን ለምን አሳጠራችሁት?" የሚል ቅሬታ የሌለበት ቅዳሜ የለም። ድሮ እየሳቅን እናልፈው ነበር። በ2013 ዓ.ም. የትግራዩ ጦርነት ሲጀመር ሳቁ ቆመ። አንድ ማታ የትግርኛው ከበሮ ሲጀምር፣ ለዓመታት የማውቀው ጠረጴዛ ላይ ያሉ ሰዎች ሂሳባቸውን ከፍለው ወጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ትግርኛው ቀረ፤ በእሱ ሳቢያ ሌላ ጠረጴዛ ባዶ ሆነ። ከዚያ ኦሮምኛው አጠያየቀ፣ ከዚያ የእኔው የአማርኛው። ምስማሩ ላይ አራት ልብስ ብቻ የተሰቀለበት ወር ነበር። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራው መስኮቱ እንዳይሰበር ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ጠርቶ የቱ ይቅር፣ የቱ ይቆይ ሲል ማሲንቆ ተጫዋቹ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ይኸው፣ አውታሯ አንድ ናት፤ በየት በኩል ልቁረጥላችሁ?" አለ። ሰውየው መልስ አልነበረውም። አሁን ስምንቱም ልብስ ተመልሷል። ሂሳቡን ከፍሎ የወጣው ጠረጴዛ ግን አልተመለሰም። የሚበሉት ሌላ ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጃቸውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ መንገድ ላይ ሳያት ትስመኛለች።

ልጆች የማስተምረው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አሥራ አንድ ሴት፣ ሦስት ወንድ። አብዛኞቹ በሳምንቱ ሌላ ቀን ባሌት ወይም ሂፕ ሆፕ ይማራሉ፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር እስከ ስምንት ይቆጥራሉ። ችክችካው ስድስት ሆኖባቸው ሰባትና ስምንት ላይ ትከሻቸው አየር ላይ ይቀራል። "ቲቸር፣ ሁለቱ የት ሄዱ?" አለችኝ አንዷ። ቆጠራውን ተዉት፣ ስሙት ብላቸው አልሆነም፤ እኔ ሠርግ ቤት ጥግ ላይ የተቀመጥኩትን ዓመታት በሳምንት አንድ ሰዓት ከየት ላምጣላቸው? ስለዚህ ስፒከሩን ትቼ ከበሮ መቺውን ለመንኩት። ከሥራ አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። ልጆቹ ፊት ወለል ላይ ተቀምጦ፣ የምትስተውን ልጅ እያየ ይመታላታል፤ ስትደርስበት ይቆያታል። በሁለት ወር ቆጠራው ጠፋ።

ለልጆቹ የሃይፋን ተወዛዋዦች በቪዲዮ አሳያቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሩት ኤሼል የተባለች እስራኤላዊት የውዝዋዜ ባለሙያ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከቤተ እስራኤል ተማሪዎች ጋር "እስክስታ" የሚባል ቡድን አቋቋመች፤ በ2005 ደግሞ "ቤታ" ተከተለ። ኋላ ቤታን የመራችው ደጌ ፌደር በልጅነቷ በሱዳን በኩል ተሰዳ እስራኤል የገባች ናት። እነዚህ ልብስ አይቀያይሩም፤ አንድ ግራጫ ነገር ለብሰው፣ አንዲትን የትከሻ እንቅስቃሴ ይዘው ቀስ፣ ቀስ አድርገው ይዘረጓታል። መጀመሪያ ሳይ "ይሄ ምን እስክስታ ነው?" ብዬ ነበር። አሁን እቀናባቸዋለሁ። እኔ ስምንት አገር በ45 ደቂቃ ለማዳረስ ስሮጥ፣ እነሱ አንዲት ትከሻ ላይ የፈለጉትን ያህል ይቆያሉ።

አባቷ የወልቂጤ፣ እናቷ የአክሱም፣ እሷ የሲልቨር ስፕሪንግ የሆነች የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። ለዓመቱ ማሳያ ልብስ ስናከፋፍል "እኔ የትኛዋ ነኝ?" አለችኝ። ወላጆቿ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ሁለቱም ወደ እኔ ይመለከታሉ። "አንቺ የትኛውን ትወጃለሽ?" አልኳት። ዱንጉዛውን አነሣች። ቀለሙ ደስ ብሏት ነው፤ ወላይታ የት እንዳለ አታውቅም። አባቷ ሳቀ፣ እናቷ ግን አልሳቀችም።

ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባልዲው ተከፍሎ ወንበር ሲገለበጥ ወደ እናቴ እደውላለሁ። ደሴ ላይ ረፋድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ቡና ታፈላለች። ያን ሰዓት ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን ከመሰብሰባቸው በፊት ለራሳቸው ትንሽ ይጫወታሉ። ሰሐን አጣቢያችን ኤል ሳልቫዶራዊ ነው፤ ጉራግኛው ለእሱ ኩምቢያ ይመስለዋል፤ እርጥብ ሽርጡን እንደ ታጠቀ መሃል ገብቶ ወገቡን ይነቀንቃል፣ የሚያርመው የለም። አሁን ለእንግዳ አይደለም፤ ጭፈራ ነው። በአንድ እንዲህ ያለ ሌሊት አምባሰል ጀምረው ነበር፤ የስልኩን ካሜራ ኪቦርዱ ላይ አስደግፌ፣ ከጂንስ ሱሪዬ ሳልቀይር፣ ለእናቴ ወረድኩላት። ዝም ብላ አየችኝ። ሲኒውን አስቀመጠች።

"ትከሻሽ ደህና ነው" አለችኝ። "አንገትሽ ግን የሌላ ሰው ሆኗል። እስቲ እንደገና፣ ቀስ ብለሽ።"

ማሲንቆ ተጫዋቹ ሰምቷል። ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።